ሊቀ ሞረድ ነገሪ እና የሀጂ ሻፊ ምላጭ

እስቲ የሱቄን በር እዩልኝ። አትግፉት፤ እዩት ብቻ። ሰው ሲያስነጥስ ይከፈታል። ከጎባ በኩል ንፋስ ሲነሳ ይከፈታል። ባለፈው ሐሙስ ፍየል ገብታ ግማሽ ካርቶን ብስኩት ከነወረቀቱ በላችብኝ። ይኼ በር እንደ ሰው በር ተዘግቶ የሚያድር በር ነበር፤ ክቡር ሊቀ ሞረድ ነገሪ "ይከብዳል፤ ላቅልልልህ" እስካሉኝ ቀን ድረስ።

በየትኛውም ከተማ አንድ አቅላይ አይጠፋም። የሮቤው ኦቦ ነገሪ ናቸው። በኮታቸው ኪስ ውስጥ ሞረድ አለ። ለሰርግም ለለቅሶም ይዘውት ይሄዳሉ። የጠበቀ ነገር ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የመምህርት የሺሃረግን ጃንጥላ አቀለሉላት፤ ጃንጥላው በፈተና መሀል ራሱን ዘረጋና ተማሪው ሁሉ ከእርሳሱ ጋር ተበተነ። የአንዱን ባጃጅ ፍሬን አቀለሉለት፤ አሁን እግሩን ገና ሲያስጠጋ ባጃጁ ቀጥ ይላል፣ ተሳፋሪው ደግሞ የሹፌሩ ትከሻ ላይ ያርፋል። ሰው ሲቆጣቸው አይደነግጡም። "ተከፈተ አይደል? ቆመ አይደል? ሌላ ምን ሥራ ነበረው?" ይላሉ።

እኔ ዝም ማለት አልችልበትም። በጃንጥላው ጮኼያለሁ፣ በፍሬኑ ጮኼያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሀጂ ሻፊ ከሲናና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠመንጃ ይዘው ሱቄ ሲገቡ ደሜ ፈላ።

"ነገሪ እዚህ ነው አሉኝ" አሉ ሀጂ። ነገሪማ የት ይሄዳሉ? ጠዋት ጠዋት ከሱቄ በር ስር ያለው ወንበር የእሳቸው ነው።

ጠመንጃው ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ ያለው ነው። የአደን ጠመንጃ ይባላል እንጂ ሀጂ ከድንች ማሳ ከርከሮ ከማባረር ሌላ ምንም አድነውበት አያውቁም። በሰፈራቸው ማሳ የሚጠበቀው በተራ ነው። ሀጂ በተራቸው ጠዋት ከርከሮው ፊት ለፊታቸው ቆመ። ምላጩን ሳቡ። እምቢ አለ። በሁለት ጣት ሳቡ። እምቢ አለ።

"አየኝ" አሉ ሀጂ። "ወላሂ አየኝ! ከዚያ ድንቼን መብላቱን ቀጠለ።"

ጎረቤቶቹ ከሩቅ አይተዋል። አንዱም አልሳቀም፤ ያ ነው የከፋው። ማታ ተሰብስበው መጡና "ሀጂ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ተራዎን ልጆቹ ይወጡታል" አሏቸው። ምራታቸው ለሊሴም "አባ፣ እውነታቸውን ነው" አለች።

"ይረፉ!" አሉኝ ሀጂ ወደ እኔ ዞረው። "ሰው ይረፍ የሚባለው መቼ ነው? ነገ ጠዋት ተራዬ ነው። ካልተኮሰ ጨርሼ መቀመጤ ነው።"

የሊቀ ሞረድ እጅ ወደ ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ።

"ኦቦ ነገሪ!" አልኩ። "ይኼ የሱቅ በር አይደለም! ምላጭ የከበደው ለምክንያት ነው። ገብስ ውስጥ የጎነበሰው ከርከሮ ይሁን ሣር የምታጭድ ለሊሴ፣ ሰው ለይቶ የሚያየው ጣቱ ያንን ክብደት እስኪስብ ነው። ያንን ጊዜ በሞረድዎ ሊቀንሱት ነው?"

"ጨረስክ?" አሉኝ።

"አልጨረስኩም!"

"እንግዲያስ ጥይት እንደሌለው እያየህልኝ ጨርስ።"

እየተሳደብኩ ጥይት ቤቱን ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነው። ነገሪ ምላጩን ሞከሩት። ቀጭ አለ። ልስልስ ብሎ።

"ሀጂ፣ ይኼ ምኑ ከበደ?"

"አሁንማ ፀሐይ ወጥቷል። ጠዋት ነው የሚከብደው።"

ነገሪ ጠመንጃውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። "ሀጂ፣ በምንድን ነው የሚያሹት?"

"በቅቤ ነዋ! በንጥር ቅቤ። ከአባቴ ጀምሮ።"

"ኮሰረትም አለበት?"

"ታዲያ ያለ ኮሰረት ይነጠራል?"

የእንጨቱን ብሎን ፈተው ሲያላቅቁት ከምላጩ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሁሉ የረጋ ቅቤና የገብስ ገለባ ሆኖ ተገኘ። በሲናና ጠዋት ድስት ውስጥ የማይረጋ ቅቤ የለም፤ ጠመንጃ ውስጥ ለምን አይረጋም? ብርድ በጠና ቁጥር ሀጂ ምላጩ ይላላ ብለው ሌላ ቅቤ ይጨምሩበታል። "ቅቤ የማይጠቅመው ነገር አለ እንዴ?" አሉ፣ ከልባቸው ተቀይመው።

ነገሪ በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ አደረቁት፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሰጡት። ሞረዱ ከኪስ አልወጣም። ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ አቀባብለው፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገው ሰደፉን መሬት ላይ ጓ አደረጉት። ምላጩ ሳይሳብ መምቻው አልወረደም። ደገሙት። አልወረደም።

"ለምን አልሞረዱትም?" አልኳቸው። ላምን አልቻልኩም።

"ያንተ በር ራሱን ቢከፍት ፍየል ነው የሚገባው" አሉኝ። "ይኼ ራሱን ቢከፍት የሰው ነፍስ ነው የምትወጣው። አንተ ደግሞ፣ እኔ ይኼን የማላውቅ መሰለህ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ አዘዝኩላቸው።

በማግስቱ ሀጂ በብርዱ ተራቸውን ወጡ። ጠመንጃው ጮኸ፣ ሲናና ሰማ፣ ከርከሮው ጭራውን ቀጥ አድርጎ እስከ ገሰራ መንገድ ሮጠ። ጥይቱ አልነካውም። ጎረቤቶቹም "ይረፉ" ያሉትን ቃል ዋጡት። ለሊሴ ራሷ ደውላ ነገረችን። ሀጂ ከሰዓት መጡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ነገሪ፣ የሳትኩት ምላጩ ስለቀለለብኝ ነው፤ ትንሽ አክብድልኝ።" ሊቀ ሞረድ በሕይወታቸው ያልተጠየቁትን ተጠየቁ። እኔ ከወንበሬ እስክወድቅ ሳቅሁ።

ሊቀ ሞረድ ዛሬም ጠዋት ሳያንኳኩ ገቡ። በሩ ምን ይከለክላቸዋል? ከእኔ በፊት ደርሰው ፍየል እያባረሩ ነበር ያገኘኋቸው።

እንግዲህ እናንተ ጠመንጃ ያላችሁ፣ ወደ እሳቸው ስትመጡ ጥይቱን አውጥታችሁ፣ ቅቤውንም ቤት ትታችሁ ኑ። ፍሬን አታሳዩዋቸው። በሬን ግን፣ እባካችሁ፣ ማንም እንዳይጠግንብኝ።