አቶ አፈወርቅ የተሳፈሩበት ባቡር

በየአገሩ ሁሉን ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። የሞላሌው አቶ አፈወርቅ ናቸው። ያዩትም ባቡር ነው። እኛ ባቡር የምንለው እህል የሚፈጨውን ስለሆነ የሚከራከራቸው አልነበረም።

ማስረጃቸው ዘጠኝ ያረጁ ፖስት ካርዶች ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ውጭ አገር ሲማር ኋላ እዚያው የሞተውን ታላቅ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ አብረው ተሳፍረው ያመጧቸው ናቸው ይላሉ። ቀይ ባቡር በረዶ የለበሰ ተራራ ይወጣል፤ በቀጭን ድልድይ ገደል ይሻገራል። «በዓይኔ ያየሁት ነው» ይላሉ ክቡርነታቸው። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ዳገት ላይ ሲቆም፣ እኛ እንገፋለን፣ እሳቸው ለሾፌሩ ባቡር ዳገት ስለሚወጣበት፣ ጥርስ ስላለው ሐዲድ ያስረዳሉ። ቄሱ፣ ነቢዩ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ እንዳረገ ሲሰብኩ እንኳ፣ አጠገባቸው ለቆመው «ያን ያህል ዳገት አይደለም» ብለውታል።

በ2003 ዓ.ም. እኔ በስድሳ ሦስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ለየሁ። አላስቀምጥ አለኝ። የዘይት ጀሪካን አነባለሁ፤ የጨው ከረጢት አነባለሁ። የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት በዋለ ዕለት ካርዶቹ ሲዞሩ አንዱ እጄ ገባ። እስከዚያ ቀን ጀርባውን አይቶ ያነበበ የለም፤ ባለካርዱ አቶ አፈወርቅም ፊደል አይለዩም። ገለበጥሁት። የአማርኛ ጽሕፈት ነው። ሁሉም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፦

«ወንድሜ አፈወርቅ፣ እንዳልኸኝ ብትመጣ ኖሮ በዚህ ባቡር አብረን እንወጣ ነበር። ለምን ቀረህ?»

አንድም ፊደል አልሳትሁም ብዬ ቀና ስል ማኅበርተኛው ሁሉ ጠላውን ያያል። አቶ አፈወርቅ ካርዶቹን በመሐረብ ጠቅልለው ወጡ።

«ባቡሩ አመለጣቸው» አለ ጎረቤቴ ይታየው። ተሳቀ።

ያ ከፍ ያደረግሁት ድምፄ አሳፈረኝ። ወሩን ሙሉ ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ሰውየውም ስለ ባቡር ማውራት ተዉ። አውቶቡሱ ዳገት ላይ ሲቆም ወርደው ከእኛ ጋር ገፉ። ይህን ማየት አቃተኝ።

የሚቀጥለው ማኅበር ይታየው ቤት ዋለ። አቶ አፈወርቅ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሄጄ እጄን ዘረጋሁ።

«አንቱ፣ እስቲ ሌላ ካርድ ይስጡኝ።»

እንደ መፍራት ብለው ከኪሳቸው አንዱን አወጡ። ጀርባው ላይ ያለው ሰላምታና ቀን ብቻ ነበር። እኔ ግን ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ፣ በሚካኤል ቀን፣ እንዲህ አነበብሁ፦

«ወንድሜ አፈወርቅ፣ ያን ጊዜ በባቡሩ አብረን ስንወጣ፣ በቀኝ መስኮት ያየነው ፏፏቴ ትዝ ይልሃል?»

አቶ አፈወርቅ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በግራ ነው፣ አማከለች» አሉ። «ደህና አድርገሽ አንብቢ።»

ካርዱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት። እውነትም በግራ ይላል አልሁ።