የአያ ቢያዝን የከበረ ደም

በየሰፈሩ በበሽታው የሚኮራ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተን ጉንፋን ቢይዛችሁ እሱን የሳንባ ምች ይዞት ያውቃል። በእኛ ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ከትክል ድንጋይ መጥተው ጎንደር የከተሙት ጎረቤቴ፣ ክቡር አያ ቢያዝን ነበሩ። ሪሃቸው ከሰው ሁሉ ሪህ የባሰ፣ ኮሷቸውም ከሰው ሁሉ ኮሶ የረዘመ ነበር።

አንድ ቀን ከቅዳሜ ገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። ላብ ፊታቸውን አጠበው። ደንግጬ፣ በነጋታው እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ደማቸው ተቀድቶ ተመረመረ። በቀጠሯችን ቀን ሐኪሙ፣

«አባቴ፣ ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል። ኮሌስትሮል ይባላል። የደም ሥር ይደፍናል፤ ለልብዎም ያሰጋል። ቅቤና ጮማ ይተዉ» አላቸው።

አያ ቢያዝን የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ስብ? በእኔ ደም?» ብለው ኩታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ሸጋ! የጠገበ ቤት ልጅ መሆኔን ይኸው መርፌ መሰከረ።»

በጽዋ ማኅበራችን ላይማ አላስቀምጥ አሉን። «የእናንተ ደም ውኃ ነው። የእኔ ቢናጥ ቅቤ ይወጣዋል!»

ባላንጣቸው አያ በላቸው ነገሩ ከንክኗቸው በድብቅ ሄደው ተመረመሩ።

«ምን ተገኘብህ?» ሲባሉ፣ «ምንም» አሉ፣ በግ ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሰው አቀርቅረው።

ብዙም ሳይቆይ አያ ቢያዝን ደጃፋቸው ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሲነቁ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ ያለቅሳሉ።

«ምነው? በስብ ኮርተው እኔን ጥቁር ሊያስለብሱኝ ነው?»

ወይዘሮዋ በዚያው ዕለት የቅቤውን ቅል ለጎረቤት ሰጡ። አያ ቢያዝንም ደረቅ ሽሯቸውን እየበሉ፣ ጧት ጧት እስከ ወለቃ በእግራቸው እየሄዱ ከረሙ። ደማቸው እንደገና ሲመረመር ስቡ ቀንሶ ተገኘ።

ሐኪሙ ተደሰተ፤ እኔም ተደሰትኩ። እሳቸው ግን የተሻረ ሹም መሰሉ። በጽዋው ላይ ጥግ ይዘው ዝም አሉ።

«ደምህ ደኸየ አሉ?» አሉ አያ በላቸው።

 ጉራቸው ስንት ዓመት ያሰለቸኝ ሰውዬ፣ ዝምታቸውን መቻል አቃተኝ።

«ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ንጹሕ ደም አይቼ አላውቅም ብሏል» አልኩ፤ ያላለውን።

አያ ቢያዝን ቀና አሉ።

«እንዲያ ከሆነማ የእኔም ንጹሕ ነው!» አሉ አያ በላቸው።

«ያንተማ ቅቤ አይቶ የማያውቅ፣ ምን ፈተና ነበረበት? የእኔ ታግሎ የነጻ ነው!»

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ተመስገን ብዬ ጽዋዬን አነሣሁ።