ደመና የሌለበት ዩኒቨርሲቲ

ሰው ትዳር ሲይዝ ሽማግሌ ያማክራል፤ ከብት ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ያያል። ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥስ? አብዛኛው ስሙን ነው የሚያየው። ስም ምን ይሠራል? "ምርጥ" ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ቤት ገብቶ ሆዱን ያልታመመ እጁን ያውጣ! እኔ ግን ከስም የበለጠ መለኪያ ነበረኝ። ሰማዩን አያለሁ።

ምን ላድርግ፣ የቡና አገር የወርቃ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ቡና ማጠቢያ ውስጥ፣ የታጠበው ቡና የሚሰጣባቸውን አልጋዎች በመጠበቅ ነው። ደመና ብቅ ሲል ሠራተኛው ሁሉ ሸራ ይዞ ይሮጣል፤ ሊደርቅ ሲል የረጠበ ቡና ይሻግታላ። ስለዚህ አባቴ የማንኛውንም ቦታ ደግነት የሚለካው በፀሐዩ ነው። እህቴን ሲድር እንኳ የሙሽራውን መንደር ደመና ሳይጠይቅ የቀረ አይመስለኝም።

ዲላ ፊዚክስ ተምሬ ጨለለቅቱ ከተማ ትምህርት ቤት ሳስተምር ቆይቼ፣ በሥነ ፈለክ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ውጭ አገር አመለከትኩ። ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ። አንደኛው ዝናብ የማያባራበት ከተማ ነው። እዚያ ያሉት ፕሮፌሰር፣ አንዲት ትልቅ ሴት፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ ስህተቴን አንድ በአንድ ለቅመው፣ አብረን እናርመዋለን ብለው ጽፈውልኛል። ሁለተኛው በረሃ ዳር ነው። ማን እንደሚያስተምረኝ እንኳ አልነገሩኝም። ግን ሰማዩ! ዓመቱን ሙሉ ጠብታ የለም። እስከ ዓርብ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

የኬሚስትሪ መምህርቷ አስቴር በሻይ ሰዓት ጉዳዩን ሰምታ፣ "ኧረ ወንድሜ፣ ሰማዩን ተወውና አስተማሪህን ምረጥ። ስህተትህን ቁጭ ብሎ የሚያነብልህ ሰው ከየት ይገኛል?" አለችኝ። ሳቅኩባት። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! ለወርቃ ልጅ ስለ ደመና ይነገራል? ይልቅ ለአባቴ ደወልኩና የሁለቱንም ከተሞች ዝናብ ዘረዘርኩለት። "ዝናብ ባለበት አልጋ አይተከልም፣ ልጄ" አለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን አማካሪ ያስፈልጋል? ሐሙስ ዕለት ለፕሮፌሰሯ፣ የከተማዎ አየር ለከዋክብት አይመችም ብዬ ጻፍኩላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከዋክብት ላጠኑ ሰው! ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

በረሃው ዳር ደረስኩ። ሰማዩ እንደተባለው ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቴሌስኮፑ የት እንዳለ ጠየቅኩ። የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ቴሌስኮፑ ያለው ሌላ አገር፣ ተራራ ላይ ነው። መረጃው በኢንተርኔት ይመጣል፣ እኛ ኮምፒዩተር ላይ እናጠናዋለን። ያንኑ መረጃ ሌላ ማን ይጠቀምበታል? እኒያ ፕሮፌሰር! ዝናቡ መስኮታቸውን እየደበደበ፣ እሳቸው ያንኑ ኮከብ ያያሉ። እሳቸውስ መስኮት አላቸው። እኛ ኮምፒዩተሮቹ ሙቀት ስለማይወዱ የተመደብነው ከመሬት በታች፣ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። አስቴር ሁሉን ሰምታ "ብዬህ ነበር" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን "አይዞህ" ብቻ አለችኝ።

አባቴ እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ይደውላል። መጀመሪያ የወርቃን ዝናብ ያማርራል። ቀጥሎ፣ መካሪነቱ በድምፁ እያስታወቀ፣ "የእናንተስ ሰማይ እንዴት ነው?" ይለኛል።

"ጥርት ያለ ነው ይላሉ" እለዋለሁ።