ክቡር ዳኛ ሰረቀብርሃን እና ሃያ ስድስቱ ዘፈኖች

በዓለም ላይ ካሉት ፍርድ ቤቶች የሚበዙት ሳሎን ውስጥ ያሉት ናቸው። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ዳኛ አለ። ኳስ ሲታይ አሠልጣኙን ያባርራል፤ ድራማ ሲታይ ማን ማንን እንደሚያገባ አስቀድሞ ይወስናል፤ ዜና አንባቢዋን በፀጉር አሠራሯ ይቀጣታል። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ይግባኝ የለውም። እናንተም ቤት አለ፤ ከሌለ ዳኛው እናንተ ናችሁ።

የእኛ ቤት ዳኛ ክቡር ሰረቀብርሃን ናቸው። ፊት ለፊት "አንተ" ነው የምላቸው፤ ተማሪ ሆነን ወደ አሜሪካ ስንመጣ አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ድስት የበላን ሰዎች ነን። በጽሑፍ ግን ችሎት ላይ ስለሆኑ አንቱ ማለት ግድ ይላል። እሳቸው ኦክላንድ፣ እኔ ሳን ሆዜ ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት የሕንፃ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ይህን ጡረታ ግን እሳቸው እስካሁን አልሰሙም። ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ጣራውን ነው፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ያንኳኳሉ፤ ሰላምታ ሦስተኛ ነው። ልጄ ቲና በርክሌ ቤት ተከራይታ ምሳ የጠራችን ጊዜ የመታጠቢያ ቤቷን በር አሥር ጊዜ ከፍተው ዘጉና "ይህ በር ያለቅሳል" ብለው ወደ ማዕዱ ተመለሱ።

"አንክል ሰረቀ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ዶር" አለቻቸው።

"በርማ ነው። ያዘነ በር ነው።"

ከሥራ ዘመናቸው በጣም የሚኮሩበት አንድ ወረቀት አለ። ግንባታው ሁሉ ሲያልቅ የሚሰጥ፣ "ሰው ሊኖርበት ይችላል" የሚል ወረቀት ነው። እንደ ዋዛ አይሰጡትም ነበር። አንድን የሕንፃ ባለቤት ለአንድ የደረጃ መደገፊያ ሲሉ ስድስት ጊዜ እንዳመላለሱት፣ በመጨረሻም ሰውየው ወረቀቱን ሲቀበል እንዳለቀሰ ይናገራሉ። በደስታ ነው ይላሉ። እኔ እንጃ።

የሚፈትሹት ቤት ሲያልቅባቸው ወደ ዘፈን ዞሩ። ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ባለቤቴ ሙሉመቤት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ተኝታ ሳለ ነው። ሊጠይቋት መጡ። ቀኑ የግንቦት ቅዳሜ ነበር። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ወሬ ሲያልቅበት ስለሚጨንቀው ቴሌቪዥን ከፈትን፤ ዩሮቪዥን ላይ ወደቅን። የአውሮፓ አገሮች በየዓመቱ አንድ አንድ ዘፈን ልከው የሚወዳደሩበት ነው፤ እዚያ ማታ የሚደረገው እዚህ ካሊፎርኒያ እኩለ ቀን ላይ ይታያል። አንድ ዘፋኝ ከመድረኩ ጣራ በገመድ ተንጠልጥሎ ወረደ። ክቡር ዳኛ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣

"ገመዱን ማን ፈተሸው?" አሉ።

ሙሉመቤት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱ አንድ ቅዳሜ ቤታችን ችሎት ይቀመጥበት ነበር።

አመጣጣቸው በሥርዓት ነው። ሱፍ ልብስ፣ ክራቫት፣ ከሥራ የተረፈ ክሊፕቦርድ፣ እና ለምን እንደሚይዙት እስከ ዛሬ ያልነገሩኝ ውሃ ልክ። ወረቀቱ ላይ በማስመሪያ የተሠሩ ሃያ ስድስት መስመሮች አሉ፤ በመስመሮቹ ፊት ሁለት ዓምድ። አንዱ "ዳኛ" ይላል፣ ሌላው "ሙሉመቤት"። ለእኔ ዓምድ አልተሠራልኝም። እኔ የችሎቱ ተላላኪ ነኝ፤ ዳቦ ቆሎ አቀርባለሁ።

ፍርዳቸው አንድ ቃል ነው፤ "አያልፍም!" ምክንያቱን ግን ይዘረዝራሉ። በለሆሳስ ጀምሮ በጩኸት ለሚያልቅ ዘፈን፣ "ጣራው ከግድግዳው ይከብዳል። አያልፍም።" አንዱን ቃል ሲመላልስ ለሚውል፣ "ፌሮ የሌለው አርማታ። አያልፍም።" አምስት ጨፋሪ በጠባብ መድረክ ላይ ለሚያጭቅ፣ "ለስንት ሰው ነው የተፈቀደለት? መውጫውስ የት አለ? አያልፍም።" እሳት የሚተፋ መድረክ የመጣ እንደሆነ ችሎቱ ይቋረጣል፤ ክቡርነታቸው ተነስተው ስክሪኑን ተጠግተው የእሳት ማጥፊያውን በጣታቸው ይፈልጋሉ።

አንድ ዓመት አንዲት ሴት በረዶ ከመሰለ ትንሽ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ዘፈነች። አገሯን አልጠራም፤ ከዚያ አገር አንባቢ ሊኖረኝ ይችላል። ሦስታችንም ዳቦ ቆሎውን ረስተን አዳመጥናት። ስትጨርስ የክቡር ዳኛ ዓይን እርጥብ ነበር።

"እሺ፣ ይህስ?" አልኳቸው።

"የበረዶ ቤት ነው" አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። "እስከ ሰኔ አይቆይም። አያልፍም።"

እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ዘፈን ቀረበላቸው፤ አንድም አላለፈም። አሸናፊውንም አንድ ቀን እንኳ ገምተው አያውቁም። ሁሉን የጣለ ሰው ማንን ብሎ ይገምታል?

ሙሉመቤት የምትሄደው በሌላ ሕግ ነበር። አሸናፊው አያሳስባትም፤ እሷ የምትፈልገው ማንም ነጥብ የማይሰጠውን ነው። ድግስ ላይ ወጥ ይዛ እንደምትዞር ሴት ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ያልደረሰው ሰው ካየች እዚያ ትቆማለች።

"ይሄን ልጅ እዩት እስቲ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆታል። ማንም አይሰጠውም። በሉ፣ ክቡር ዳኛ፣ ትልቁን ነጥብ፣ አሥራ ሁለቱን ለእሱ ይጻፉልኝ።"

"ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ ይህ ውድድር ነው እንጂ ሰርግ ቤት አይደለም!"

"ሰርግ ቤት ቢሆንማ እርስዎን ማን ይጠራ ነበር? ሙሽራዋን አታልፍም ሊሏት!"

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከውድድሩ ውጭ ያለን ሰዎችም በኢንተርኔት ድምፅ እንድንሰጥ ተፈቀደልን። የሁላችንም ተደምሮ እንደ አንድ አገር ይቆጠራል፤ ስሙ "ቀሪው ዓለም" ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ቀሪው ዓለም ነበርን፤ በወግ ሲመዘገብልን ግን ያኔ አየሁ። ቲና የእናቷን ታብሌት አስተካከለችላት፤ ሙሉመቤትም የተፈቀደላትን ድምፅ በሙሉ በየዓመቱ ላፈረው ልጅ አወረደችለት። ክቡር ዳኛ ድምፅ አይሰጡም። "ተቆጣጣሪ የሚፈትሸውን ቤት አይገዛም" ይላሉ።

የሚያንገበግባቸው ግን ሌላ ነው። እሳቸው አንደኛውን አንዴ እንኳ ሳያገኙት እሷ መጨረሻውን አምስት ጊዜ አገኘችው።

ሙሉመቤት ኅዳር ላይ አረፈች። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ አልጽፍም።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። አርባዋ ወጣ፣ ሰውም ወደየሥራው ተመለሰ፤ እኔ ግን አልከፈትኩትም። በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበስኩትና ተውኩት። የጠፋ ስክሪን ፊቱ የተቀመጠውን ሰው መልሶ ያሳያል፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ ሰው። እሱን ላለማየት ነው።

ግንቦት ሲገባ ክቡር ዳኛ ደወሉ።

"ካሣ፣ ቅዳሜ ነው" አሉ።

"ሰረቀ፣ ዘንድሮ ይቅርብን። አይከፈትም።"

"እስከ መቼ?"

"እንጃ። ቲና እኔ ጋ ና ትለኛለች። ቤቱን ልሸጠው አስቤአለሁ። ብቻዬን ልኖርበት የምችል አልመሰለኝም።"

"ቤት ሳይፈተሽ አይሸጥም" አሉና ዘጉት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከባርት ባቡር ጣቢያው በእግራቸው መጡ። ሱፍ ልብስ፣ ክራቫት፣ ክሊፕቦርድ፣ ውሃ ልክ። ጣራውን አዩ፤ ግድግዳውን አንኳኩ፤ ሰላም አሉኝ። ዳንቴሉን አይተው በተለመደው ወንበራቸው ላይ፣ የተሸፈነው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ወረቀቱ ዘንድሮም ሁለት ዓምድ ነበረው። እኔ ትሪ ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር መልቀም ጀመርኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ስልካቸውን አወጡ፤ ድምፁን ዘጉት፤ መዳፋቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ለቅሶ ቤት ነው። ድምፅ አላሰማም።"

ምስሬን ለቀምኩ። ትንሽ ቆይቶ በሹክሹክታ፣ "አያልፍም" አሉ። ጻፉ። ምስሬን ለቀምኩ። "ጣራው ከግድግዳው ይከብዳል። አያልፍም።"

"በምን አወቅህ? አልሰማኸው!"

"አፉን ሲከፍት አየሁታ።"

አራተኛው ፌሮ አልነበረውም። ስድስተኛው መውጫ አልነበረውም። በሳሎኔ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ፍርድ፣ ዘፈኑ ተሰማም አልተሰማም፣ ያው እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሙሉመቤት ይህን ሳታይ መሄዷ ቆጨኝ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ትስቅበት ነበር።

ዘጠነኛው ላይ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣

"ይቺ ልጅ ደግሞ ድምጿ ይሰልላል። አያልፍም" አሉ።

"ድምፅ ዘግተህ ድምጿ ይሰልላል ትላለህ?" ብድግ ስል ምስሩ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። "ሰው እንዲህ ይፈረድበታል? ብትጥላት እንኳ ሰምተህ ጣላት!"

ዳንቴሉን ገፍፌ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። እጄ ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኔ ገና እየተቆጣሁ ነበር።

ልጅቷ ከአንዲት ትንሽ አገር የመጣች ናት። እሳት የላትም፣ ጨፋሪ የላትም፣ ገመድ የላትም። ቀሚሷ ለሥራ የሚለበስ ዓይነት ነው። መሐል ላይ ድምጿ ተሰበረ፤ ቆም አለችና ቀጠለች። ድምጿ በእርግጥም ይሰልላል፤ ይህን ለክቡር ዳኛ አልነገርኳቸውም።

"እጇን የት እንደምታደርገው ጨንቋታል" የሚል ቃል ሰማሁ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሁለታችንም ወደ ሦስተኛው ወንበር አላየንም። ክቡር ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ወለወሉት።

"አያልፍም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ማንም አይሰጣትም። ታብሌቱ የት ነው?"

ታብሌቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው አልቋል። ሰካነው። እስኪነሳ ክቡር ዳኛ የቀሩትን ዘፈኖች፣ አሁን እየሰሙ፣ ጣሉ። ሲነሳ ፓስዎርድ ጠየቀን። የልደቷን ቀን ሞከርን፤ እምቢ አለ። የእኔን ስም ሞከርን፤ እምቢ አለ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ለቲና ኮል አደረግሁላት።

"ዳዲ? ዌይት፣ አር ዩ ዋቺንግ ኢት?"

"ፓስዎርዱን ንገሪን፣ ምርጫው ሊዘጋ ነው!"

ሳቋን ሰማሁ፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ ቀጠነ። "አያልፍም ነው" አለች በአማርኛ። "በእንግሊዝኛ ፊደል። ማሚ ናት የመረጠችው።"

ክቡር ዳኛ ታብሌቱን ከእጄ ወስደው በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ የገዛ ፍርዳቸውን ጻፉ። ታብሌቱ ተከፈተ። በ"አያልፍም" ያለፈ ሰው ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"ተቆጣጣሪ የሚፈትሸውን ቤት አይገዛም ትል አልነበር?" አልኳቸው።

"እኔ መች ሰጠሁ? የእሷ ታብሌት ነው" አሉና የተፈቀደውን ድምፅ ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀሩ፣ ለልጅቷ አወረዱላት። ወረቀታቸው ላይም በሁለተኛው ዓምድ፣ በዘጠነኛው መስመር፣ አሥራ ሁለት ጻፉ።

ውጤቱ ሲነገር ልጅቷ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች። ክቡር ዳኛ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ።

"ተሳሳተች! ሙሉመቤት ተሳሳተች! መጨረሻ አይደለችም!"

"እኛ ስለሰጠናት ነዋ።"

ቆም ብለው አሰቡበት። "አዎ" አሉ። "እኛ ነን ያነሳናት።" ከዚያም፣ በዚያ ሁሉ ሱፍ፣ ተንበርክከው ምስሬን ከምንጣፉ ላይ ይለቅሙልኝ ጀመር። ግማሹን "አያልፍም" እያሉ ጣሉት።

ጣቢያው ድረስ ሸኝቻቸው ስመለስ ጃኬት ልለብስ በገባሁበት ስክሪኑ ጥግ ላይ የለጠፉትን ወረቀት አገኘሁ። በዚያ አራት ማዕዘን በሚመስል ጽሕፈታቸው እንዲህ ይላል፦ "ጣራ፣ ደህና። ግድግዳ፣ ደህና። የሳሎን በር፣ ዘይት ይቀባ። ሰው ሊኖርበት ይችላል።" ከሥሩ ፊርማ።

ጃኬቴን ሳላወልቅ ቆሜ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለቲና ደውዬ ቤቱን እንደማልሸጥ ነገርኳት፤ ዳንቴሉን አጥቤ አሰጣሁት፤ በሩንም ዘይት ቀባሁት።

ወረቀቱን አላነሳሁትም። አለጣጠፉ የስክሪኑን ሩብ ስለሚሸፍን ማታ ማታ ዜና አንባቢዋ ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከምትታየኝ ግማሽ ተነስቼ ብፈርድ ግን፣ ፀጉሯ አያልፍም።