ሁለት ነጠላ በአንድ ገመድ

እናቴ የነጠላውን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ ብሎካችን ደረጃ ትጎትታለች። የሱቋ ባለቤት እትዬ ዘቢባ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ሱቃቸው ይጎትታሉ። ነጠላው መሃል ላይ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ አብሬው እንቀጠቀጣለሁ። እናቴ ዓይኗ እያየ የገዛ ነጠላዋን ማንም እንደማይወስድባት ትናገራለች። እትዬ ዘቢባ በገዛ እጃቸው እንዳሰጡት ይምላሉ። ከየፎቁ አንገት ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

ሰው በምን ይጣላል? በመሬት፣ በውርስ፣ በባል ሲጣላ ሰምቻለሁ። ሁለት ጨዋ ሴቶች ግን በአንድ ነጠላ ንጣት ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ይጣላሉ ብላችሁ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ያልኖረ ሰው አያምናችሁም። አይፈረድበትም። እሱ ሰፈር ውሃው ደግ ይሆናል።

የእኛ ውሃ ደግ አይደለም። የጉድጓድ ውሃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እናማዋለን። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነገር ይጋግራል። ሳሙና ቢፈትጉበት አረፋ አይሰጥም፤ እንደ እርጎ ይቋጠርና ልብሱ ላይ ይለጠፋል። ነጭ ሸሚዝ አራት ጊዜ ከታጠበ አመድ ይመስላል። አንድ ቀን አስተማሪያችን ግራጫ ሸሚዝ መልበስ ማን እንደፈቀደልኝ ጠየቀኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። እኔ ሰው ፊት ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልጋለች።

በዚህ ውሃ ላይ የነገሠች አንዲት ሴት ብትኖር እናቴ ናት። ክረምት ሲገባ አሸንዳው ሥር ጀሪካን ትደረድራለች። መጀመሪያ የሚወርደውን የጣሪያ ቆሻሻ ታሳልፍና ውሃው ሲጠራ ትቀዳለች። ያ ውሃ አይጠጣም፣ ወጥ አይሠራበትም፤ ለነጭ ልብስ ብቻ አልጋ ሥር ይቀመጣል። ሲያልቅባት የቧንቧውን አፍልታ ታሳድራለች፤ ጠዋት ከላይ ያለውን ቀስ ብላ ትገለብጥና ታች የተኛውን ነጭ ዝቃጭ ትደፋለች። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ አንድ ክዳን አቼቶ ጠብ ታደርጋለች። በረኪና ግን ቤታችን አይገባም። የጉድጓድ ውሃ ብረት አለበት፣ በረኪና ሲነካው ይዝጋል ትላለች። ይህን ሕግ ብሎኩ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። አዲስ ሙሽራ ከገባች እናቴ ጋ ትላካለች። እትዬ ዘቢባ ራሳቸው ከሁለት ዓመት በፊት ከቡታጅራ መጥተው ምድር ላይ ሱቅ ሲከፍቱ የተማሩት ከእሷ ነው።

ባለፈው እሑድ የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ተዳረች። የብሎካችን ሴቶች ለሠርጉ አንድ ዓይነት ነጠላ አሠሩ፤ ሸማኔው አንድ፣ አረንጓዴው ጥለት አንድ፣ ርዝመቱ አንድ። ሲሰለፉ የእግር ኳስ ቡድን ይመስሉ ነበር። ቅልቅሉ ደግሞ በሳምንቱ እሑድ ሆነ። ያንኑ ነጠላ ለብሰው የሙሽራውን ወገን ሊቀበሉ ነው፤ ከሁሉም ፊት የምትቆመው እናቴ ናት። ነጭ በማጠብ ስሟ የተነሣ ሴት በሠርጉ ወጥ የነካው ነጠላ ለብሳ ከፊት ልትቆም ነው እንዴ?

ዓርብ ጎፋ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ነጠላዋን እንዳጥብላት ለእኔ ሰጠችኝ። የመጨረሻውን ጀሪካን ከአልጋ ሥር ጎትታ ከፊቴ አስቀመጠች። አደራ አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መናገር ያሳፍረኛል። እኔም ቅልቅሉ ላይ ልገኝ ነው። ፀጉሬ ደግሞ በቧንቧው ውሃ ቃጫ ሆኗል፤ ሁለት ማበጠሪያ ሰብሮብኛል። ጀሪካኑን ከፈትኩት። ያሰብኩት አንድ ጣሳ ብቻ ነበር። ግን ፀጉሩን በዝናብ ውሃ ታጥቦ የሚያውቅ ሰው እስቲ አንድ ጣሳ ላይ ያቁም። ሳሙናው ጠብታ ሲነካው እንደ ደመና ያብጣል። አንዱ ጣሳ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት ሆነ፤ ቀና ስል ጀሪካኑ ባዶ ነው።

ያኔ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ሱቅ ወርጄ በረኪና ገዛሁ። እትዬ ዘቢባ እናቴ በረኪና አላስገባም ትል እንዳልነበር ጠየቁኝ። ለሽንት ቤት ነው አልኳቸው። ወጣሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ነጠላውን ነከርኩ፣ በረኪናውን ጨመርኩ። ፀጉሬን በመስታወት አይቼ ስመለስ ነጠላው ቢጫ ሆኗል።

ቢጫ ስላችሁ የመስከረም አበባ እንዳይመስላችሁ። ዝገት የበላው በርሜል ውስጥ የሰነበተ ውሃ ታውቃላችሁ? እሱን ነው። አለቀለቅኩት፣ ያው ነው። ተጨማሪ በረኪና ጨመርኩበት፤ የደነገጠ ሰው ምን ያስባል? ባሰበት። መጨረሻ ላይ የነገ ፀሐይ ያነጣው ይሆናል ብዬ አመሻሹ ላይ አውርጄ አሰጣሁት። ለእናቴም ታጥቧል አልኳት። ውሸት አልነበረም፣ ታጥቧል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ምንም አላደረገችልኝም። ጭራሽ ከእኔ ጉድ አጠገብ የእትዬ ዘቢባ ነጠላ ተሰጥቷል፤ ንጣቱ ዓይን ይወጋል። እናቴ ወረደች፣ ሁለቱን አየች፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ ለሰከንድ እንኳ አልተጠራጠረችም። ለምን ትጠራጠር? ነጩን ስታነሣ እትዬ ዘቢባ ከሱቃቸው ወጡ። ቅድም የጀመርኩላችሁ ጉተታ ይኸው ነው።

እናቴ በንዴት መሃል ከባድ ነገር ተናገረች። «ሁለት ዓመት አስተምሬሽ ይህን ቢጫ አሰጣሽ? ይሁን። የእኔን ግን ልቀቂ» አለቻቸው። ሰው ሳቀ። እትዬ ዘቢባ ፊታቸው ተለወጠ።

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ታምሩ ደረሱ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ አጥተው ከርመዋል። ነጠላው እንዲለቀቅ አዘዙ፣ ሁለቱንም ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ እናቴ ያጠብኩት እኔ መሆኔን ስትነግራቸው ወደ እኔ ዞሩ። ያጠበችው ልጅቷ ከሆነች ምስክሯም እሷ ናት አሉ። ሰው ሁሉ አየኝ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። እናቴ ግን ደረቷን ነፍታ ልጄን አታስፈራሩብኝ፣ ሰው ፊት አትናገርም አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መከላከያ ሆናልኝ አታውቅም፤ በሕይወቴም እንደዚያ ቀን መሬት ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም።

ቀጥሎ ራሷ መፍትሔ አመጣች። «ያሽትቱት» አለች፤ «በረኪና የሸተተው የእኔ አይደለም።»

ጋሽ ታምሩ አፍንጫቸውን ነጩ ላይ ተከሉ። ምንም። ቢጫው ላይ ሲተክሉ አስነጠሳቸው። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? በረኪና እናቴ ቤት እንደማይገባ ሁሉ ያውቃል፤ እትዬ ዘቢባ ደግሞ በረኪና ይሸጣሉ። ሕዝቡ በልቡ ፈረደ።

እትዬ ዘቢባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ገባቸው። ትናንት የሸጡልኝ የበረኪና ጠርሙስ ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው አነበብኩ። አንድ ቃል ቢናገሩ የእናቴ ስም በመላው ብሎክ ፊት ያልቅለታል፤ ዝም ካሉ የእሳቸው። «እማዬ» አልኩ። ድምፄን እኔም በደንብ አልሰማሁትም።

እትዬ ዘቢባ ጠጋ ብለው ከፀጉሬ ላይ የሌለ ነገር እንደሚያነሱ ሆኑ።

«ይርጌ» አሉ እናቴን በለስላሳ ድምፅ፣ «የማርቲ ፀጉር ዛሬ እንዴት አምሯል።»

ሰዉ ግራ ገባው፤ በነጠላ ክርክር መሃል ፀጉር ምን አመጣው? እናቴ ግን ዞረች። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነበር። በእኛ ብሎክ እንዲህ የሚያበራ ፀጉር በቧንቧ ውሃ አይገኝም፤ ይህን ከእናቴ በላይ የሚያውቅ የለም። እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ፀጉሬ ውስጥ አስገባች። ምንም ሳይዛቸው እስከ ጫፉ ወረዱ። ጣቷን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አራተኛ ፎቅ ያለውን መስኮታችንን አየች።

ጋሽ ታምሩ ውሳኔ ሊያሰሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማስረጃው በሚገባ ተመርምሮ ነጩ ነጠላ ለወይዘሮ ይርገዱ እንዲሰጥ ሲሉ፣ እናቴ ነጩን ከክንዳቸው አንሥታ እትዬ ዘቢባ ትከሻ ላይ አኖረችው። ቢጫውን ወሰደች። አራገፈችው፣ ለቅልቅሉ እንደምትለብሰው አድርጋ ጥለቱን አስተካክላ ለበሰችው፣ በሰው መሃል አልፋ ደረጃውን ወጣች።