የአቶ ዋቁማን ቀኝ እጅ ስላለማገዝ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መቱ፣ የታማሚው የአቶ ዋቁማ ጅራታ ሳሎን
የተገኙ፦ አቶ ሰይፈ ሚካኤል (ሰብሳቢ)፣ እትዬ እታፈራሁ፣ አቶ አራርሳ፣ ደቅሲሳ (ጸሐፊ)፤ በእንግድነት ፊዚዮቴራፒስት ወ/ሪት ህሊና
ያልተገኙ፦ አቶ ኩማ፣ ማር ሊገዙ ያዮ ስለሄዱ

የእድሩ የሕመምተኛ ጠያቂ ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሊጀምር ሲል ንፍሮ ስለቀረበ 4፡30 ላይ ጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ የእጁ ጉዳይ

ወ/ሪት ህሊና እንዳስረዱት፣ አቶ ዋቁማን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ክንዳቸው ላይ የምትታሰረው ትንሽ መሣሪያ ነርቩን በቀላል ኤሌክትሪክ ትቀሰቅሳለች፤ ጣቶቹም ይንቀሳቀሳሉ። ነገር ግን አንጎል አዲስ መንገድ የሚያበጀው ሰውዬው ራሱ በዚያው ቅጽበት ሲታገል፣ ደጋግሞም ሲታገል ነው። ጠያቂ እየመጣ ካጎረሰውና ካለበሰው አንጎሉ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

ሰብሳቢው ይህ ኮሚቴውን መዝለፍ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። አይሆንም ተባሉ። አላመኑም።

እትዬ እታፈራሁ በግራ በኩል ማጉረስ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቀው ሲከለከሉ፣ ታዲያ ሰው ታሞ ቁጭ ብለን ልናየው ነው ወይ ሲሉ ተቆጡ። አቶ አራርሳ፣ መሣሪያዋ ድንኳን ሲተከል እጃቸው ለማይንቀሳቀስ አባላትም ትታሰርልን አሉ። ሁሉም ወደ ጸሐፊው ስለዞሩ፣ ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ጸሐፊው አመልክቷል።

አቶ ዋቁማ የሚከተለው እንዳለ ይጻፍልኝ ብለዋል፦ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መቀስ ካልያዝኩ ምኑን ሰው ሆንኩት? ስለምትወዱኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እጄን ወሰዳችሁብኝ።»

እትዬ እታፈራሁ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ፦
ሀ) አቶ ዋቁማን ማጉረስና ማልበስ ተከልክሏል፤ የተላለፈ የእድሩን ድስት ሁሉ ብቻውን ያጥባል።
ለ) ኮሚቴው ራሱን ስለማያምን፣ እስከ ገና ድረስ ማንም ጠያቂ ወደዚህ ቤት አይመጣም።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ሌላ ጉዳይ ስለሌለ ስብሰባው 6 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ሆኖም መውጣት አልተቻለም። አቶ ዋቁማ እንግዳቸውን ሳይሸኙ አይቀሩምና ተነሥተው የበሩን መቀርቀሪያ በቀኝ እጃቸው ያዙ። ወ/ሪት ህሊናም መሣሪያዋን አበሩላቸው። ጣቶቹ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግሞ ይይዛሉ። አቶ አራርሳ ሊከፍቱላቸው ብድግ ባሉ ቁጥር ሰብሳቢው በኮታቸው ጎትተው አስቀመጧቸው። በመጨረሻ አቶ አራርሳ በኦሮምኛ መጸለይ ጀመሩ፤ እትዬ እታፈራሁ በአማርኛ ተቀበሏቸው። ጸሐፊው እንዳያግዝ በገዛ እጁ ላይ ተቀምጦ ስለነበር የዚህን ክፍል ማስታወሻ አልያዘም።

በሩ 6፡40 ላይ ተከፈተ። አቶ ዋቁማ ግን ማንንም ሳያስወጡ መልሰው ቀረቀሩትና እንደ አዲስ ጀመሩ።

አስቸኳይ ውሳኔ፦ አቶ ዋቁማ «ሰው ሁሉ ይምጣ፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ» ስላሉ ጠያቂ የመከልከሉ ውሳኔ ተሽሯል። ሁሉም ቁጭ ብሎ ማየት ስለቻለ የድስቱም ቅጣት ቀርቷል። ጎሬና ቡሬ ላሉ ዘመዶችም ይነገር ተብሏል።

ኮሚቴው 7 ሰዓት ላይ ወጥቶ፣ በሩ ከኋላው እስኪቀረቀር ደጃፉ ላይ ጠበቀና አንኳኳ።