ባዶው ያልባል እንዴ?

ጓደኞቼ፣ ዛሬ እዚህ መንዝ ሞላሌ ውስጥ በገዛ ትንፋሼ ተዋርጄ ቤቴ ገባሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?

አትሳቁ! ገና ነው።

እንደምታውቁት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን አንድ ትርፍ ክፍል አለው። እኔ ላብራቶሪ ይሁን እላለሁ፤ የወላጅ ኮሚቴው የተሰባበሩ ዴስኮች ይከማቹበት ይላል። ዛሬ ጠዋት የሚወሰንበት ስብሰባ ነበር።

እኔ ሆዬ ሠርቼ በማሳየት ላሳምናቸው ቆረጥኩ።

ሁለት ቁራጭ መስታወት ይዤ ቆምኩና ማብራራት ጀመርኩ (ማብራራት ስወድ ታውቃላችሁ!)። ባዶ ቦታ ጨርሶ ባዶ አይደለም። ብርሃን ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ስውር መርገብገብ ይቀራል። ሁለት መስታወቶች እጅግ ሲቀራረቡ በመሃላቸው ያለው መርገብገብ ከውጭው ያንሳል፤ ስለዚህ ማንም ሳይገፋቸው ይሳሳባሉ።

እስከዚህ ድረስ ልክ ነኝ!

ከዚያ ጠዋቱ ብርዳም የመንዝ ጠዋት ነውና፣ መስታወቶቹን ሃህ ብዬ ተንፍሼባቸው በጋቢዬ ወልወል አደረግኳቸው። አንዱን ባንዱ ላይ ገጥሜ ተጫንኩ።

ተጣበቁ!

የላይኛውን ይዤ ሳነሳ የታችኛው ተከትሎ ተንጠለጠለ። ጭብጨባ! "የባዶው ኃይል ይኸውላችሁ!" ብዬ ጮህኩ።

እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት? የለም! በደንብ ይታያቸው ብዬ ለሰብሳቢው ለጋሽ ጌታሁን አፍንጫቸው ሥር አስጠጋሁት።

ጠብ። የውሃ ጠብታ ጉልበታቸው ላይ።

"የኔ ልጅ፣" አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት እማማ አስካለ፣ "ባዶው ያልባል እንዴ?"

የታችኛው መስታወት ተንሸራተተ። ከሽ!

ሳቁ ጓሳ ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አያይዟቸው የነበረው የትንፋሼ እርጥበት ነው። እውነተኛው ኃይል ጎልቶ የሚታየው ክፍተቱ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ሲያንስ ነው። ይባስ ብሎ የመስታወት የሚያንጸባርቀው ቅብ ያለው ከጀርባው ነው፤ ብገጥማቸውም ቅቦቹ ያን ያህል አይቀራረቡም! ይህን እኮ አስተምራለሁ!

"ታዲያ ስትዋሸን ነበር?" አሉ ጋሽ ጌታሁን።

ሹልክ ብዬ ልወጣ ነበር። ክፍሉ ትዝ አለኝ።

"ተሳሳትኩ እንጂ አልዋሸሁም። ስህተቴ የታየው ስለሞከርኩት ነው። ተማሪዎቹም ሞክረው፣ ተሳስተው የሚያርሙበት ክፍል ይስጡኝ!"

እማማ አስካለ ስብርባሪውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ። "ስጡት እቴ! ቢያንስ የሚሰብረውን እዚያው ይሰብራል።"

ጋሽ ጌታሁን ጉልበታቸውን እየጠረጉ፣ "በል ለአንድ ሴሚስተር ሞክረው። ዴስኮቹን ግን አንተ ትጠግናለህ። ስትገባም ትንፋሽህን በር ላይ ትተህ ግባ!" አሉ።

መዶሻ ተውሻለሁ፤ ነገ እጀምራለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ሳይተነፍስ ማስተማር የሚችል ካለ ኮሜንት ላይ ያሰልጥነኝ!